የውሃው መጠንና የልጅ ፍርድ

ዛሬ በአምስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ፊት ውሃ ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ገለበጥሁና «በዛ ወይስ ያው ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣ ያለ ማመንታት «በዛ» አለችኝ። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ (1896–1980 እ.ኤ.አ.) ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች እንዲህ የሚመልሱት፣ ከፍታውን ብቻ አይተው ስፋቱን ስለማያገናዝቡና ድርጊቱን በሐሳባቸው ወደ ኋላ መመለስ ስለሚሳናቸው ነው ይል ነበር። ማብራሪያው አሁንም ያሳምነኛል፤ የዕድሜ ገደቡን ግን እንደ ጥብቅ ድንበር አላየውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ማርጋሬት ዶናልድሰንና ባልደረባዋ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በመደዳ የተደረደሩትን ዕቃዎች አዋቂው ሳይሆን አንድ አስቸጋሪ የአሻንጉሊት ድብ ሲያዘበራርቃቸው፣ ቁጥሩ እንዳልተለወጠ በትክክል የመለሱት ልጆች እጅግ በዝተው ተገኝተዋል። ትልቅ ሰው ሆን ብሎ አንድን ነገር ነካክቶ ሲጠይቅ (እኔም ዛሬ ያደረግሁት ይህንኑ ነው)፣ ልጁ የተለወጠ ነገር አለ ብሎ ማሰቡ አያስገርምም።