ካሜራ ለያዛችሁም፣ ምድጃ ዳር ላላችሁም

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ዋለች። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ልጆቹ «አበባዮሽ» እያሉ ከበር በር መዞር ጀምረዋል፤ የሽንኩርቱ ቁሌት ከግቢ ግቢ ይሻገራል። ስልኮቻችንም ቁርስ ሳይቀርብ በፎቶ ተጥለቅልቀዋል። ደስ ይላል። ዓመቱ የጤና፣ የሰላምና የጥጋብ ይሁንላችሁ።

ዘንድሮ ግን ምኞቴን ብቻ ተናግሬ መሰናበት አልሆነልኝም። ከሸኘነው ዓመት አንድ ፎቶ አብሮኝ ተሻግሯል። ሚያዝያ ላይ የተለዩን የሰፈራችን እማማ ድንኳን ውስጥ፣ ከሻማው አጠገብ የቆመው ፎቶ ነው። ልጆቻቸው ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ሲያገላብጡ አድረው ያገኙት የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለውን ጉርድ ብቻ ነበር። እሱው ተነስቶ፣ ጎልቶ፣ ፍሬም ውስጥ ገባ። የማኅተሙ ግማሽ ክብ ወይን ጠጅ ቀለሙን እንደያዘ ነጠላቸው ጥለት ላይ ተኝቷል። ዓይናቸው ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘን ተበታትኗል። እኚያን ፍልቅልቅ እናት የማያውቅ ሰው ቢያይ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደተቆጡ የኖሩ ይመስለዋል።

በዚያ ግቢ አራት ሠርግ ተደግሷል፤ ክርስትናውና ምርቃቱ አይቆጠርም። በእያንዳንዱ ድግስ ካሜራ ነበር። ካሜራው ሳሎን፣ እማማ ጓዳ። የእኛም ቤት ፎቶ ቢገለባበጥ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ፎቶው ለምን እንደተበላሸ ልንገራችሁ፤ ሌላም ቤት ይደርሳልና። ጉርዱ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ነው። 30 በ40 ሲደረግ በየጎኑ 10 እጥፍ ተለጠጠ ማለት ነው። በተለመደው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ሲደረግ የሚገኘው 354 በ472 ፒክስል ገደማ ነው። ለ30 በ40 ግን በ200 ዲፒአይ እንኳ ቢታተም 2362 በ3150 ፒክስል ያስፈልጋል። ስካነሩን ወደ 1200 ከፍ ማድረግ በተወሰነ ደረጃ ይረዳል፤ ወረቀቱ ላይ የሌለን ነገር ግን ማንም ስካነር አይፈጥርም። እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥማችሁ ፎቶውን ከ13 በ18 አታሳልፉት፤ ትልቅ ፍሬም የግድ ከሆነ ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ካርቶን አድርጉለት። ከሩቅ ያምራል፤ ፊትም ፊት ሆኖ ይቀራል።

ስካነር ከሌለ ስልክ ይበቃል። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ብርሃኑን ከአንድ ጎን፣ ከመስኮት አምጡት። ፍላሽ አይበራም። ስልኩ ከፎቶው ጋር ትይዩ ይሁን፤ ካጋደለ ፊት ይጠብባል ወይም ይሰፋል። በጣም ቀርባችሁ ከማንሳት ራቅ ብላችሁ 2 እጥፍ በሚያቀርበው ሌንስ አንሱ፤ የእጃችሁም ጥላ አያርፍበትም። መታወቂያው በላስቲክ ከተለበጠ የጣሪያውን ነጸብራቅ ያሳያልና፣ ከስልኩ በላይ አንድ ሰው ጥቁር ጨርቅ ዘርግቶ ይያዝ።

እማማ ከዚያ ጉርድ ያወጣቸው ሰው ጎረቤታቸው ጋሼ ናቸው፤ ዛሬ በስም ባልጠራቸውም እሳቸው ራሳቸውን ያውቃሉ። ፎቶ ቤታቸውን ከዘጉ ቆይተዋል። ኔጋቲቩን (ፎቶው የሚታተምበትን ፊልም) ግን በየፖስታው ላይ ወርና ዓመት ጽፈው በብስኩት ቆርቆሮ ደርድረው አስቀምጠዋል። ለአርባው ሲፈለግ ከአንዱ ፖስታ የ1981 ገና ወጣ። እማማ የተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው ወንበሩ መደገፊያ ላይ ነው፤ ሳቃቸውን ለማፈን ከንፈራቸውን ገጥመዋል፤ ግን አልሆነላቸውም። ሦስቱም ሴት ልጆቻቸው እናታቸውን በዚያ ዕድሜ አይተዋት አያውቁም።

ቆርቆሮ ያላችሁ ቤት ውስጥ ፈልጉ። ኔጋቲቭ የሚያዘው በጠርዙ ነው። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፤ በጨርቅ መጥረግ ይጭረዋል። የታብሌት ወይም የላፕቶፕ ስክሪን ሙሉ ነጭ አድርጋችሁ ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ክፈቱ። ኔጋቲቩን እስክሪኑ ላይ ብታስተኙት የስክሪኑ ነጥቦች አብረው ይነሳሉ፤ ስለዚህ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ንጹሕ መስታወት ላይ አድርጉት፤ የክፍሉን መብራት አጥፉና ከላይ አንሱ። ከዚያ በማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ ጥቁሩን ወደ ነጭ መገልበጥ ነው። ጥቁርና ነጩ ቀላል ነው። የቀለም ኔጋቲቭ ብርቱካንማ መደብ ስላለው ሲገለበጥ ሰማያዊ ይሆንባችኋል፤ ያንን በቀለም ማስተካከያው ቀስ ብሎ ማረም ይጠይቃል።

«ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የምትሉ አላችሁ። ልጅ፣ ሥራ፣ ትራንስፖርት፣ ወረፋ... አውቃለሁ። መልሱ ቀድሞም ከእኛው ቤት ያለ ይመስለኛል፤ እቁብ። ገንዘቡን ትታችሁ ሰዓት ጣሉ። ባል፣ ሚስትና ከፍ ያሉ ሁለት ልጆች ካሉ አራት ዕጣ ነው። ቅዳሜ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ያሉትን ሁለት ሰዓታት ዕጣ የደረሰው ይወስዳል፤ ሦስቱ ቤቱን ይይዛሉ። አንዱ ካሜራውን ይዞ ይወጣል፣ አንዷ ጥልፏን፣ ሌላው ሥዕሉን ወይም ክራሩን። ወር ሳይሞላ ሁሉም ይደርሰዋል።

የት እንደሚበላሽም ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሚሰረዘው የእናት ዕጣ ነው። «ዛሬ እንግዳ አለ፣ ሳምንት ትወስጃለሽ» ይባላል፤ ሳምንት ሌላ እንግዳ አለ። ስለዚህ እንደ ገንዘቡ እቁብ መለዋወጥ ይቻላል፣ መሰረዝ ግን አይቻልም። ሁለተኛ፣ ዕጣዋ ደርሶ ቤት ከዋለች ሁለቱ ሰዓት «ጨው የት ነው?» ሲባል ያልቃል፤ ትውጣ ወይም በሯን ትዝጋ። እናንተ ካሜራ ይዛችሁ እንጦጦ የምትወጡ አባወራዎች፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የጻፍኩት። ስትመለሱ የተከተፈ ሽንኩርት የሚጠብቃችሁ ከሆነ፣ ያ ጊዜ ከሌላ ሰው ላይ የተወሰደ ነው።

ሦስተኛው ብልሽት ባትሪ ፍለጋ ነው። ዓርብ ማታ ባትሪው ቻርጅ ይደረግ፣ ሚሞሪው ተገልብጦ ይጽዳ፣ ካሜራው ከቦርሳው ወጥቶ ልጅ በማይደርስበት መንጠቆ ላይ ይሰቀል። ቁም ሳጥን ውስጥ ሦስት ዚፕ ተከፍቶ የሚወጣ ካሜራ በሥራ ቀን አይወጣም። ሌንስ አንድ ይበቃል፤ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር። ለልጆች ሹተሩን (የማንሻውን ፍጥነት) ከ1/250 ሰከንድ አታውርዱ፤ የሚሮጡ ከሆነ 1/500። ለተቀመጠ ሰው 1/60 በቂ ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ አድርጋችሁ ጣሪያውን 6400 ላይ ብታስቀምጡ ቤት ውስጥ ትንሽ አሸዋማ ፎቶ ታገኛላችሁ፤ አሸዋማው ከደበዘዘው ይሻላል።

አሁን ወደ ዛሬ። በዚህ ወቅት አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይዋ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ዓይን ይጎደጉዳል፣ አፍንጫ ሥር ጥላ ይወርዳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ አንሱ፤ ካልሆነ ደጃፍ ጥላ ሥር፣ ፊት ወደ ውጭ ዞሮ። የአገር ልብስ ደግሞ ካሜራን ያሳስታል። ነጩ ሲበዛበት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊት ጥቁር ይሆናል። ስልክ ላይ ፊታቸውን በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን ጥቂት ከፍ አድርጉ፤ በካሜራ ከሆነ የብርሃን ማስተካከያውን ከ+0.7 እስከ +1። ከዚያ ካለፈ የጥለቱ ክር ይጠፋል። የዕጣኑና የጀበናው ጭስ በፍላሽ ከተነሳ ጉም ይሆናል፤ ብርሃኑ ከኋላ ወይም ከጎን ገብቶ ከበስተጀርባ ጨለማ ሲኖር ግን ጭሱ እንደ ክር ይታያል።

ከሁሉ በፊት ግን ጓዳ ግቡ። «እንዲህ ሆኜ?» ትላለች። ሁልጊዜም የምትለው ነው። ፊቷን ተዉት፤ ከእጇ ጀምሩ። በርበሬ የነካ አውራ ጣት፣ ማማሰያውን የያዘ እጅ፣ እንቁላል የምትልጥበት ጣት። በሩ ከጎኗ እንዲሆን ቁሙ፤ አምፖሉን አጥፉት፤ የአምፖሉ ቢጫና የቀኑ ብርሃን ሲቀላቀል የፊት ቀለም ይበላሻል። ስለ ጨዋታ አውሯት፤ ስለ ፎቶ አታውሯት። ቀና ስትል አንሱ። ከዚያ ካሜራውን አስቀምጣችሁ እንቁላሉን ተቀበሏት።

ሰነፍ ጳጉሜን ነው የነበረን፤ አምስቱን ቀን የዓመቱን ፎቶ ለመለየት ሳንጠቀምባት ሄደች። ያልደረሰላችሁ እስከ መስቀል ጊዜ አላችሁ። ከየወሩ 5 ብቻ መምረጥ፤ ከጳጉሜን ጋር 65 ፎቶ ይሆናል። ፎልደሩን ወር በስሙ ብቻ ብትጠሩት ኮምፒዩተሩ በፊደል ተራ እየደረደረ መስከረምን ከሐምሌ ቀጥሎ ያስገባዋል፤ ስለዚህ «2017_01_መስከረም» ብላችሁ ጀምራችሁ «2017_13_ጳጉሜን» ላይ ጨርሱ። ከ1 እስከ 9 ላሉት ዜሮ ይቅደም፤ አለዚያ በአንዳንድ ፕሮግራም 10 ከ2 ይቀድማል። የካሜራውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አትሙሉት። ስልኩ በራሱ ሰዓት ስለሚሄድ በሁለቱ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል፤ የአንድ ቀን ሠርግ ሲደረደር ሙሽራዋ ሳትወጣ ኬክ ትቆርሳለች።

ከዚያ ማሳጠብ። ለ10 በ15 ወረቀት 1181 በ1772 ፒክስል ይበቃል፤ ማንኛውም የዛሬ ስማርት ስልክ ከዚህ በላይ ያነሳል፣ ቴሌግራም ላይ በፎቶ መልክ የተላከ ግን ተጨምቆ ነው የሚደርስ። ፋይል ተደርጎ ይላክ። ጀርባው ላይ የሰዎቹን ስም ጻፉ። እስክሪብቶ ተጭኖ ፊቱን ይሰረጉደዋል፣ እርሳስ ደግሞ በላስቲክማው ወረቀት ላይ አይይዝም፤ ቀጭን ማርከር ተጠቅማችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። ዋናው ፋይል በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ሌላ ሰፈር፣ እኅት ወይም ወንድም ቤት።

ዋሽንግተን፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ያላችሁ፣ ሐሙስ ሥራ ቀን ሆኖባችሁ ለቅዳሜ የቀጠራችሁ፣ እናታችሁን በቪዲዮ ስታወሩ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አትርኩ። እሱ የኔትወርኩ ፎቶ ነው። ቤት ያለው ታናሽ ወንድም ስልኩን አግድሞ እንዲያነሳ፣ ፋይል አድርጎ እንዲልክ ንገሩት፤ ሁለት ደቂቃ ነው።

ምስጋናዬን ላድርስ። የእማማ ልጆች፣ ያን ጉርድና ያን ኔጋቲቭ እንዳነሳ ስለፈቀዳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህ እንቁጣጣሽ ያለ እሳቸው የመጀመሪያችሁ ነውና እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እትዬ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ስም ከፎቶ ጀርባ አንድ በአንድ ያስነገሩን፣ ዕድሜ ይስጥልን፤ ያለ እርስዎ ግማሹ «አንድ ሰው» ሆኖ ይቀር ነበር። ስካነሯን ያለ ኪራይ ለሦስት ሳምንት የሰጠችን ልጅ፣ ትዳርሽ ይባረክ።

ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ቆርቆሮዋ ውስጥ ያልተከፈተ ፖስታ ገና አለ ብለውኛል። ዕጣው ደርሶኛል። ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ስካነሩንና ብሩሹን ይዤ እመጣለሁ፤ ቡና እኔ አፈላለሁ።