ሜዳ ናት የምትባለው ከተማ

"ደብረ ብርሃን እኮ ሜዳ ናት" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ይሄ ሰው በባጃጅ ነው የሚሄደው እላለሁ በሆዴ። አልፈርድበትም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲመጣ፣ ጫጫን ካለፈ በኋላ የሚያየው የገብስ ማሳ፣ ባህር ዛፍና ሰማይ ብቻ ነው። የከተማዋ ስም ግን ራሱ ይከራከረዋል። ደብር በግዕዝ ተራራ ማለት ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ስሙ የወጣላት ይባላል። ብርሃኑን ሁሉም ሰው ያወራል፣ ተራራውን የሚያነሳ የለም።

እኔ ዳገቱን ያወቅኩት በሥራዬ ነው። የውሃ ቆጣሪ አነባለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየግቢው በር አንኳኩቻለሁ፤ ውሻ ያለበትንና ቡና የሚያስቀምጡትን ቤቶች ለይቻለሁ። ሰፈሩ ከፍ ያለ ይሁን ዝቅ ያለ ለማወቅ መሬቱን ማየት አያስፈልገኝም፣ ቧንቧው ይነግረኛል። ወደ በረሳ ወንዝ በወረድኩ ቁጥር ውሃው ባልዲውን ሊገለብጥ ይደርሳል። ሽቅብ ስወጣ እየሳሳ ይሄዳል። ከአንድ ታንከር በሚወርድ መስመር ላይ የ10 ሜትር ከፍታ ልዩነት 1 ባር ገደማ የግፊት ልዩነት ነው። ይሄን ቁጥር ለዓመታት በወረቀት ነበር የማውቀው። ሳይክል ስገዛ ጭኔም አወቀው።

ሳይክሏ ያገለገለች ናት። ባለ 21 ማርሽ፣ ቀለሟ አንድ ጊዜ ቀይ የነበረ። ስገዛት የኋላ ፍሬኗ ያለቅስ ነበር፣ አሁንም ያለቅሳል። ጥሩ ነው፣ ደወል ስለሌላት።

እሁድ እሁድ የምዞረው መንገድ ለሥራ ስመላለስ ያገኘኋቸው ቅያሶች ስብስብ ነው። መነሻው ሥላሴ ነው። ትልቁ ዙር በስልኬ ስለካው 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የተወሰነው አስፋልት፣ ብዙው ኮብልስቶን፣ የቀረው ደግሞ በድንጋይ ካብ መሀል የሚሄድ የእግር መንገድ ነው። በዚህ ዙር ውስጥ ሦስት ትንንሽ ዙሮች አሉ። እኔ ቀለበት እላቸዋለሁ። አንዱ ጠባሴ በኩል ነው፣ አንዱ ወንዙን ይዞ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ወደ አንኮበር መንገድ ወጥቶ ተመልሶ ከትልቁ ጋር ይገናኛል። ጉልበት ካለኝ አንዱን ቀለበት እጨምራለሁ፤ ከደከመኝ ወይም ባለቤቴ ከደወለች በአንዱ አቋርጬ ቤቴ እገባለሁ። ከተማ ውስጥ መንዳት ለእኔ የሚጥመው በዚህ ነው። በአንኮበር መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብሄድ፣ ሲደክመኝ ያንኑ 40 መመለስ አለብኝ። የመኪና ዋሻ ያለበት ጣርማበር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። አንድ ጓደኛዬ "ዋሻው ድረስ እንሂድ" እያለ ይወተውተኛል። እዚያ ዋሻ ውስጥ ከኋላ ተሳቢ መኪና፣ ከፊት ጭጋግ ሆኖ ሳይክል መንዳት ለእኔ ስፖርት አይደለም።

የቀለበቶቹ አንድ ችግር ሁሉም በረሳን መንካታቸው ነው። ወንዙ ታች ነው፣ ቤቴ ላይ ነው። በየትኛውም ብገባ መጨረሻው ዳገት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ይሄን እንደ ቅጣት ነበር የማየው፣ ስለዚህ ቁልቁለቱን አስቀድማለሁ። ከቤት ወጥቼ፣ ሳልሞቅ፣ እንደ ድንጋይ ወደ ወንዙ። ደስ ይል ነበር። ኅዳር እስኪመጣ ድረስ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የኅዳርን የደብረ ብርሃን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል፣ ሰው ሁሉ በጋቢ ተጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ጓንት ረስቻለሁ። "ለአምስት ደቂቃ ምን አላት" ብዬ ለቀቅኳት። ኮብልስቶኑ መሪውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ነፋሱ በጣቶቼ መሀል ያልፋል። ግማሽ መንገድ ላይ ፍሬን ልይዝ ስል ጣቶቼ እምቢ አሉ። ህመም የለውም። ጣቴን እጠፍ እለዋለሁ፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ከፊቴ አንድ ጋሪ ጤፍ ጭኖ ሽቅብ እየመጣ ነው።

በመዳፌ ፍሬኑን ለመጫን ሞከርኩ። ሳይክሏ አለቀሰች። ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። እኔ ወደ ግራ አጥፌ ካቡን በትከሻዬ ተደገፍኩት፣ ተደገፍኩ ካልነው። ጃኬቴ ተቀደደ፣ ክርኔ ተላጠ። ሌላ ነገር አልሆንኩም።

"አንተ ልጅ! ፈረሴን ልታስበረግግብኝ ነው?" አሉ ባለጋሪው። ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ጠቅልለዋል።

"ይቅርታ ጋሼ፣ እጄ ደርቆ ነው" አልኳቸው። እጄን አሳየኋቸው። ጣቶቼ መሪውን እንደያዙ ተቆልምመው ቀርተዋል።

አዩትና ሳቁ። "ና ወዲህ" አሉኝ። እጄን ይዘው ፈረሱ አንገት ላይ፣ ጋማው ስር ከተቱልኝ። የፈረስ ጋማ ስር እንደዚያ እንደሚሞቅ አላውቅም ነበር። ዳገት ሲጎትት የመጣ ፈረስ ነው፤ እንፋሎት ይወጣዋል፣ ላቡ ይሸታል፣ ከቆዳው ስር ደሙ ሲመታ በጣቴ ተሰማኝ። ቀስ እያለ መጠዝጠዝ ጀመረኝ። ዕንባዬ መጣ፣ ከህመሙ።

"አየህ፣ እሱ ሽቅብ ስለመጣ ሞቋል። አንተ ቁልቁል መጣህና በረድክ" አሉኝ። ሰላም ብለውኝ ጋሪያቸውን ነዱ።

በሚቀጥለው እሁድ ዙሩን ገለበጥኩት። አሁን ከሥላሴ ስነሳ ፊቴን ወደ ላይ ነው የማዞረው። አጭር ዳገት አለ፣ ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ጃኬት ያስወልቃል። እዚያ ላይ እጄም ይፈታል፣ ፀሐይም ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ አይጎዳም። ወንዙ ጋ ስደርስ ውርጩ መቅለጥ ጀምሯል።

ዳገቱን በተመለከተ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር ነው። ፔዳሉ ከከበደ በኋላ ብትሞክር ሰንሰለቱ ይንቋቋል፣ ከዚያ ይወልቃል፣ ከዚያ አንተ መንገድ ዳር ተንበርክከህ እጅህን ግራሶ ትቀባለህ፣ ሊስትሮዎቹ ደግሞ "በርታ!" ይሉሃል። እኔ ታች ድልድዩ ላይ ሆኜ ከፊት ትንሿን፣ ከኋላ ትልቋን ጥርስ አስገባለሁ። እግሬ እንደ ስፌት መኪና ይሽከረከራል፣ ሳይክሏ በሰው እርምጃ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ እንቁላል የያዘች ሴትዮ ቀድማኛለች። ምንም አይደል። ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባህር ወለል ደረጃ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ይሄን ለሴትዮዋ አልነገርኳትም፣ እሷም የምትተነፍሰው ያንኑ አየር ነው።

ብርዱ ጎማውንም ያቀጥነዋል። ማታ ድንጋይ ሆኖ ያደረ ጎማ ጠዋት ትንሽ ላላ ብሎ ይገኛል። መጀመሪያ ተበሳ ብዬ ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ውሃ ውስጥ ነክሮ አዞረው፣ አረፋ የለም። "ጋሼ፣ አየሩ በርዶት ነው የተኮማተረው" አለኝ። ብር አልተቀበለኝም። አሁን ጠዋት ጠዋት ራሴ እነፋዋለሁ።

ክረምት ላይ ከሦስቱ ቀለበቶች ሁለቱን እርሳቸው። አፈራችን ዋልካ ነው። ጎማውን ይይዛል፣ ከጎማው ጋር ሹካው ውስጥ ይገባል፣ ሃያ ሜትር ሳትሄድ ሳይክሉ አንተን መሸከሙ ቀርቶ አንተ ትሸከመዋለህ። ሐምሌና ነሐሴ አስፋልቱና ኮብልስቶኑ ላይ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ግን አራተኛ ቀለበት ያገኘሁ መሰለኝ። ቆጣሪ ሳነብ ሁለት ግቢዎች መሀል ጠባብ መተላለፊያ አየሁ፤ የወንዙን ቀለበት ከአንኮበሩ ጋር አስፋልት ሳይነካ የሚያገናኝ። እሁድ በሳይክል ሄድኩ። መተላለፊያው ከዳር እስከ ዳር ኩበት ተሰጥቶበታል። ክብ ክብ፣ ገና እርጥብ፣ በእያንዳንዱ ላይ የአምስት ጣት አሻራ አለ። አንድ እናት በር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል።

"እንደምን አደሩ እማማ፣ በዚህ ማለፍ ይቻላል?"

ጎማዬን አዩ፣ ኩበታቸውን አዩ።

"ይቻላል" አሉኝ። "ሐሙስ።"