ሲያልቅ አንቱ አድርገው

ብሎግ አለኝ። ተመዝጋቢዎቼ 41 ናቸው። አንዷ እህቴ ናት። አንዱ እኔው ራሴ ነኝ፤ ኢሜይሉ በትክክል መድረሱን ለማየት ብዬ ነው የተመዘገብኩት። አንዱ ደግሞ አለቃዬ ናቸው። መቼና በምን ምክንያት እንደተመዘገቡ አላውቅም። አንድ ቀን ዝርዝሩን ስመለከት ስማቸው ቁጭ ብሏል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

የዚያን ዕለት ማታ የምጽፈው ስለ ስብሰባ ነበር። በሁለት መስመር ኢሜይል ሊያልቅ የሚችል ጉዳይ እንዴት ሁለት ሰዓት ተኩል እንደሚበላ። ርዕስ አልመጣልኝም። ርዕስ ካልመጣልኝ ደግሞ አልጨነቅም፤ በርዕሱ ቦታ «ርዕሱን በኋላ አስብበት» ብዬ እቀጥላለሁ።

እኔ ድራፍት ላይ ሌላ ሰው ነኝ። ያልሞላልኝን ቦታ ሁሉ ለራሴ ትእዛዝ ጽፌበት አልፋለሁ። ያን ማታ ከጻፍኳቸው ጥቂቶቹን ልጥቀስ፤ ከእንግዲህ የምደብቀው ነገር የለኝም።

«እዚህ ጋ ቁጥር ያስፈልጋል። ካጣህ አንቀጹን አጥፋው።»

«እዚህ ጋ የተማረ ሰው የሚለው ዓይነት ነገር አስገባ።»

«ሰውዬው አለቃዬ መሆኑ እንዳይታወቅ መነጽሩን አውልቅለት።»

መጨረሻ ላይ ደግሞ፦ «ለጊዜው አንተ እያልኩት ነው። ሲያልቅ አንቱ አድርገው።»

አሁን ወደ ጥፋቱ። እኔ በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ ሴቭ የማደርግ ሰው ነኝ። ድሮ ኮምፒውተሬ ድንገት ጠፍቶ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ይዞብኝ ሄዷል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። የምጽፍበት መድረክ ድራፍቱን ራሱ በየደቂቃው እንደሚያስቀምጥልኝ አውቃለሁ። «ተቀምጧል» የምትል ጽሑፍ ጥግ ላይ ብቅ ስትል አያለሁ። አላምናትም። ራሴ ካልነካሁት የተቀመጠ አይመስለኝም።

ችግሩ፣ ድራፍት ማስቀመጫውና ፐብሊሽ ማድረጊያው ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። በጤናው ጊዜ ፐብሊሽን የነካ ሰው ወዲያው አይታተምበትም። በጎን በኩል አንድ ሳጥን ይከፈትና «ለማተም ዝግጁ ነህ?» ይለዋል። ይህ ሳጥን ያበግነኝ ነበር። ነክቼህ የለ እንዴ፣ ምን ትጨቀጭቀኛለህ? ብዬ ከወር በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ምልክቷን አነሳኋት። ሳጥኑም ዳግመኛ ላይመጣ ሄደ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ ዓይኔ እየተከደነ፣ ሴቭ አደረግሁ። አደረግሁ ብዬ ነው።

ስልኬ ድምፅ አሰማ። ኢሜይል። «አዲስ ጽሑፍ፦ ርዕሱን በኋላ አስብበት» ይላል። የምሬን ነው፣ ለአንድ አፍታ «ደግሞ ይሄን የሚጽፈው ምን ዓይነት ሰነፍ ነው?» ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ላብ መጣ።

እየተንቀጠቀጥኩ ጽሑፉን ወደ ድራፍት መለስኩት። ሊንኩን ስሞክረው «ገጹ አልተገኘም» አለ። ተመስገን አልኩ። ኢሜይሉን ከፈትኩት። ሙሉ ጽሑፉ፣ ከነሰውዬው ከነመነጽሩ፣ ውስጡ ተቀምጧል። ኢሜይል አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ጂሜይል ላይ የተላከን መመለሻ አለ አይደል? እሱም ቢሆን ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው፤ ያንንም የሚመልሰው ገና ስላልላከው ነው፣ ይዞት ቆይቶ። የብሎግ መድረኩ እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም።

ስለዚህ ጽሑፉን ማስተካከል ጀመርኩ። ትእዛዞቹን ሁሉ አጠፋሁ። አንቱ አደረግኋቸው። መነጽር አወለቅሁላቸው። ርዕሱን «ስብሰባ ሲያጥር» አልኩት። አሳምሬ ድጋሚ አወጣሁት። ለአንድ ጽሑፍ ኢሜይል የሚሄደው አንዴ ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ስልኬ ዝም ሲለኝ ነው። የተስተካከለውን ማንም አልደረሰውም። የሊንኩም መጨረሻ መጀመሪያ ከወጣበት ርዕስ እንደተሠራ ቀርቷል፤ አሁንም «ርዕሱን በኋላ አስብበት» ነው የሚለው። በዚያ ላይ ኮፒ አድርጌ ለእህቴ ስልክላት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዘጠኝ ዘጠኝ ምልክት ሆነ። 12 ፊደል 108 ምልክት! የመቶኛ ምልክት፣ ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ። እህቴ «ቫይረስ ነው እንዴ?» ብላ መለሰችልኝ።

እዚህ ላይ መተኛት ነበረብኝ። አልተኛሁም። አዲስ ጽሑፍ ከፈትኩና «እባካችሁ የቀደመውን ኢሜይል አትክፈቱ» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። ለማብራሪያ ሁለት መስመር ጨመርኩ። ይሄኛው በደንብ ሄደ።

ጠዋት የተመልካች ቁጥሩን አየሁ። አዘውትሮ የሚያነበኝ ዘጠኝ ሰው ነው፣ አስር ከሆነ ራሴን ቆጥሬ ነው። በዚያ ጠዋት 41ዱም ኢሜይል ተከፍቷል። አንዳንዱ ሦስት ጊዜ። እህቴ ደወለች።

«አንተ፣ ሰውዬው ማን ነው?»

«ማንም አይደለም። ምሳሌ ነው።»

«መነጽር ያለው ምሳሌ?»

ዘጋሁባት።

ቢሮ ስገባ የሁልጊዜው ስብሰባ ነበረን። ወንበር የያዝኩት ከኋላ፣ በር አጠገብ ነው። አለቃዬ ገቡ። ሰላምታ ሰጡ። ተቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁና አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያያል። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነው።

አጀንዳውን አነሱት። አራቁት። አቀረቡት። ዓይናቸውን አጠበቡ። በመጨረሻ ወረቀቱን ወደ እኔ አቅጣጫ ዘረጉት።

«አንተው አንብብልን» አሉኝ። «እኔ ዛሬ እንዳልታወቅ ነው።»