በ13,044 ድምፅ በልጦ ወንበር ያጣው ዕጩ

በዕጩ ምዝገባና በዕጩ ወኪልነት ሥራ ላይ ላለ ሰው ከብሪስቶል ደቡብ ምሥራቅ የተሻለ ማስተማሪያ ማግኘት ይከብዳል። ይህ የእንግሊዝ የከተማ ምርጫ ክልል በ1950 ተቋቁሞ በ1983 ፈርሷል (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ሜይ 4 ቀን 1961 በተካሄደው የማሟያ ምርጫ የሌበሩ ቶኒ ቤን 23,275፣ የወግ አጥባቂው ማልኮም ሴንት ክሌር ደግሞ 10,231 ድምፅ አገኙ። በቆጠራው ማንም ቅሬታ አላቀረበም። ፓርላማ የገቡት ግን ሴንት ክሌር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ከቤን አባት ነው። ቤን ወንበሩን የያዙት በኖቬምበር 1950፣ ስታፎርድ ክሪፕስ በሕመም ምክንያት ሲለቁ ነበር። አባታቸው ቪስካውንት ስታንስጌት (ቪስካውንት በውርስ የሚተላለፍ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ኖቬምበር 17 ቀን 1960 ሲሞቱ ማዕረጉ ወዲያው ለልጃቸው ተላለፈ። በዚያ ዘመን በውርስ ሎርድ የሆነ ሰው ደግሞ በታችኛው ምክር ቤት መቀመጥ አይችልም ነበር። በወቅቱ ማዕረግን አልፈልግም ብሎ የሚመልሱበት ሕግ አልነበረም፤ ቤን በ1955 ይህን መንገድ ለማስከፈት ሞክረው አልተሳካላቸውም። ወንበሩ ክፍት ሆነ፣ የማሟያ ምርጫ ተጠራ፣ ቤንም መልሰው ተወዳደሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ የምርጫ አስፈጻሚው ኃላፊ ሰውየው ሎርድ መሆናቸውን አገር ሁሉ እያወቀ ለምን መዘገባቸው? መልሱ ከሥልጣኑ ወሰን ይገኛል። የዕጩ ማቅረቢያው ወረቀት ያኔ ስም፣ አድራሻና ሥራ ይይዝ ነበር፤ አንድ አቅራቢ፣ አንድ ደጋፊና ሌሎች ስምንት መራጮች ይፈርሙበታል፤ በጊዜው 150 ፓውንድ ማስያዣም ነበረው። ኃላፊው ማየት ያለበት ዝርዝሩ በሕጉ መሠረት መሞላቱንና ፈራሚዎቹ በትክክል መፈረማቸውን ነው። የሰውየውን ብቃት መመርመር የእሱ ሥራ አይደለም።

ብዙ አዲስ አስፈጻሚ ይህ ድክመት ይመስለዋል። እኔ ግን ጥበብ ያለበት አሠራር ነው እላለሁ። በስህተት የተመዘገበን ዕጩ ፍርድ ቤት በኋላ ሊያወጣው ይችላል። በስህተት የተከለከለን ዕጩ ግን ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ወደ ድምፅ መስጫው ወረቀት የሚመልስ ኃይል የለም፤ ምርጫውን ከነአካቴው መድገም ብቻ ነው የሚቀረው። ለዚህ አሠራር ጎልቶ የሚታወቀው ልዩ ሁኔታ የመጣው በ1981 ነው። ቦቢ ሳንድስ እስር ቤት ሆነው በሰሜን አየርላንዱ የፈርማና እና ደቡብ ታይሮን ምርጫ ክልል ከተመረጡ በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ተፈርዶበት የታሰረ ሰው ዕጩነት ከጅምሩ ዋጋ እንዳይኖረው ተደረገ።

የብሪስቶሉ ትልቅ ትምህርት ያለው ግን ከምዝገባው ይልቅ የሴንት ክሌር ወገን ከምርጫው በፊት በሠራው ሥራ ላይ ነው። ቤን ቪስካውንት መሆናቸውን፣ ስለዚህም ለእሳቸው የሚሰጥ ድምፅ ባክኖ እንደሚቀር ለመራጩ በማስታወቂያ አሳወቁ። ተራ ቅስቀሳ ሊመስል ይችላል፤ ሥራው ግን የሕግ ሥራ ነው። አሸናፊው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ ምርጫው ይደገማል፣ ወይ ሁለተኛ የወጣው ወንበሩን ይይዛል። ሁለቱን የሚለየው መራጩ ድምፅ በሰጠበት ቀን የሚያውቀው ነገር ነው። ብቁ እንዳይሆን የሚያደርገውን ፍሬ ነገር እያወቀ ከመረጠው፣ ድምፁ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ሕጉን አላውቅም ነበር ማለት አያድነውም፤ ፍሬ ነገሩን ማወቁ ይበቃል።

ማስታወቂያ ሁሉ ግን እንዲህ አይሠራም። በ1874 በላውንስተን ምርጫ ክልል ዲኪን የተባሉ ዕጩ ለጭሰኞቻቸው ጥንቸል የመግደል ፈቃድ ሰጥተው ነበርና፣ ተፎካካሪያቸው ድሪንክዋተር ይህ መደለያ ነው ብለው መራጩን አስጠነቀቁ። ዲኪን ወንበሩን ቢያጡም ድሪንክዋተር አላገኙትም። ምክንያቱም የፈቃዱ መደለያነት በምርጫው ቀን ገና አከራካሪ ነበር፤ ብቁ የማያደርገው ነገር ድምፅ ሲሰጥ ቁርጥ ያለና የተረጋገጠ መሆን አለበት። የማዕረግ ውርስ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ነበር፤ የእስራት ፍርድም እንደዚያው። በ1955 በፈርማና እና ደቡብ ታይሮን ፊሊፕ ክላርክ እስረኛ ሆነው ሲያሸንፉ፣ ወንበሩ ለምርጫ ፍርድ ቤት በቀረበ አቤቱታ ለተሸናፊው የተሰጠው በዚሁ መርህ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ የሚያረቅ ወኪል «ይህ ሰው ብቁ አይደለም» ብሎ መደምደሚያውን ብቻ ቢጽፍ አይበቃም። ፍሬ ነገሩን ከነቀኑ ማስፈር፣ ድምፅ መስጠት ከመጀመሩ በፊት ማዳረስ፣ የት እንደተለጠፈና ማን እንደለጠፈው መዝግቦ ማስቀመጥ አለበት። አቤቱታው የሚቀርበው ውጤቱ ከተገለጸ በ21 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ማስረጃን ከምርጫ በኋላ እሰበስባለሁ ማለት አያዋጣም።

ቤን በምርጫ ፍርድ ቤቱ ሁለት ዳኞች ፊት ራሳቸው ቆመው ተከራከሩ። ክርክራቸው ጠንካራ ነበር፦ ሎርድ ከታችኛው ምክር ቤት የሚታገደው ወደ ሎርዶች (ላይኛው) ምክር ቤት የሚጠራው ደብዳቤ ሲደርሰው ነው፣ እኔ ደግሞ ደብዳቤውን አልጠየቅሁም አሉ። ዳኞቹ ግን ማዕረጉን መውረሱ ራሱ ያግዳል ብለው በጁላይ 1961 ፈረዱባቸው። ስለ ባከነው ድምፅ ደግሞ የቤን ዘመቻ ራሱ ለተቃራኒው ወገን ጠቅሞታል። ቅስቀሳው በሙሉ በማዕረጉ ጉዳይ ላይ ያጠነጠነ ስለነበር፣ ነገሩን ሳይሰማ የመረጠ ሰው አለ ብሎ መከራከር አልተቻለም።

ወንበር በአቤቱታ የሚጠይቅ ዕጩ አስቀድሞ የራሱን ብቃት ይመርምር። በሰሜን አየርላንዱ ሚድ አልስተር በ1955 ቻርልስ ቢቲ እስረኛውን አሸናፊ ቶም ሚቸልን በአቤቱታ አስወጥተው ወንበሩን ከያዙ በኋላ፣ እሳቸውም ጥቅም የሚገኝበት የመንግሥት ሹመት ነበራቸውና ለመቀመጥ ብቁ አልነበሩም ተባለ፤ በ1956 ምርጫው ተደገመ። ሴንት ክሌርም የሎርድ ሲንክሌር ማዕረግ ወራሽ ነበሩ፤ ነገር ግን ባለማዕረጉ በሕይወት እስካሉ ድረስ ወራሽ መሆን ብቻውን አያግድም።

የውርስ ማዕረግን መልቀቅ የሚያስችለው ሕግ ጁላይ 31 ቀን 1963፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በንግሥቲቱ ጸደቀ። ቤን በ12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ማዕረጋቸውን ለቀቁ። ሴንት ክሌር ቤን ነፃ ከወጡ ወንበሩን እለቃለሁ ብለው ነበርና ቃላቸውን ጠበቁ፤ ለዚህ ሳላከብራቸው አላልፍም። የእንግሊዝ የምክር ቤት አባል በቀጥታ መልቀቂያ ማስገባት ስለማይችል፣ ኖርዝስቴድ የሚባለውን የዘውድ ርስት አስተዳዳሪነት በስም ብቻ ተሾሙ፤ በዚህ ሹመት ወንበሩ በሕግ ክፍት ይሆናል። ኦገስት 20 ቀን 1963 ቤን በ20,313 ድምፅ ተመለሱ፤ ወግ አጥባቂዎቹ በዚያ ምርጫ ዕጩ አላቀረቡም። ክልሉን ከዚያ በኋላ ያለማቋረጥ ወከሉት። በ1983 ወሰኑ ተቀይሮ ክልሉ ሲፈርስ በብሪስቶል ምሥራቅ ተወዳድረው በወግ አጥባቂው ጆናታን ሰይድ ተሸነፉ፤ በ1984 በቼስተርፊልድ የማሟያ ምርጫ አሸንፈው ወደ ምክር ቤቱ ተመለሱ።