ጣና ላይ ሽምብራ መሳል

የአክስቴ ልጅ ከፍሎሪዳ ሲመጣ ሁለት ሻንጣ ይዞ ነው። አንዱ ውስጥ ለዘመድ የሚታደል ልብስና ቅባት አለ። ሌላው ረጅምና ጠፍጣፋ ነው። አክስቴ ገና ስታየው "የሳጥን ክዳን ነው እንዴ ያመጣህብን?" አለች። ዌክቦርድ ነበር።

ላላያችሁት ልንገራችሁ። ሁለቱም እግርህ አንድ ሰሌዳ ላይ በጫማ ይታሰራል። ጀልባ በገመድ ይጎትትሃል። ጀልባው ሲሄድ ከኋላው ግራና ቀኝ ሞገድ ይተዋል፤ አንተ ያንን ሞገድ መንደርደሪያ አድርገህ ትዘላለህ። በቃ ይኸው ነው። ልጁ እዚያ አገር አስር ዓመት ሲጫወተው ኖሯል። እኔ ዋና ከመቻሌ በቀር ስለዚህ ነገር የማውቀው አንድም ነገር የለም፤ ግን "ባሕር ዳር እንሂድ" ሲለኝ እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

በ2011 ዓ.ም. ጥር 22 ከአዲስ አበባ ተነሳን። በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ለሰሌዳው የአንድ ሰው ሂሳብ ካልከፈላችሁ ብሎ ድርቅ አለ፤ ተከራክረን ግማሽ ከፈልን። ዓባይ በረሃን ወርደን ወጣን፣ ደጀን ላይ ቁርስ በላን፣ ከዚያ በኋላ ተኛሁ። የነቃሁት እንጅባራ ላይ ነው። መንገዱ ፈረስ በፈረስ ሆኗል፤ ለካ በማግሥቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። አንዱ ጎረምሳ ፈረሱን አስፋልቱ ዳር አስሮጠና ልጓሙን ሳብ አድርጎ አዙሮ በመጣበት ኮቴ ላይ መለሰው። የአክስቴ ልጅ ክንዴን ያዘኝ። "አየኸው? ደብል አፕ ማለት ይኼ ነው!" ምን እንደሚያወራ አልገባኝም። እስኪገባኝ ሦስት ቀን ፈጀ።

የመጀመሪያው ቀን ባይነሳ ይሻላል። በስልክ የተዋዋልነው ጀልባ አከራይ ቀብድ ከበላ በኋላ ያመጣልን ጀልባ ገና ከዳር ሳይርቅ ቀጥ አለ። የሕይወት ጃኬት ሁለት ብቻ ነው ያለው፣ የአንደኛው ማሰሪያ ተበጥሷል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተንሳፈፍን። ያወጣን ቱሪስት ገዳማቱ ጋ አድርሶ የሚመለስ ሌላ ጀልባ ነው። ነጂው ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ናቸው፤ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ እኛም ጋሼ እያልናቸው ነው የሰነበትነው። የመጎተቻውን ገመድ ሲያስሩልን ሰሌዳውን አዩትና "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው የኔ ልጅ?" አሉ። የአክስቴ ልጅ አስረዳ። ጋሼ ሰምተው ሰምተው "ታዲያ ነገ በጠዋት ከኔ ጋር ኑዋ" አሉ። ቀብዳችን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በጠዋት ያሉት በምክንያት ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፣ ውሃው ይንቀጠቀጣል፣ ለዚህ ጨዋታ አይሆንም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ግን እንደ ተነጠፈ ቆዳ ዝም ይላል። ዓባይ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ወደዚያ አንጠጋም አሉ። ዳር ዳሩን ደንገሉ ውስጥ መዋኘትም የለም፣ ቢልሃርዚያ አለ። እሺ አልን።

የጋሼ ጀልባ ፋይበር ነው፣ ሞተሩ 60 የፈረስ ጉልበት። ግን ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል፣ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። የአክስቴ ልጅ በስልኩ ሲያሰላው ከ60ው ፈረስ አስር ገደማው የለም፤ እንጅባራ ቀርተዋል ማለት ነው። እዚያ አገር ለዚህ ጨዋታ ብቻ የሚሠራ ጀልባ አለ አሉ፤ ሆዱ ውስጥ ውሃ እየሞላ ራሱን ያከብዳል። ጀልባ ሲከብድ ጠልቆ ይሄዳል፣ ጠልቆ ሲሄድ ሞገዱ ይተልቃል። እኛ ስምንት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ከሰፈር ለቃቅመን፣ ከሐይቁ ሞልተን፣ ከኋላ ደረደርን። 160 ኪሎ። ላዩ ላይ የጋሼ የልጅ ልጅ ተቀመጠ፤ የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ሥራው ወደ ኋላ ማየት ነው። ነጂው ፊት ፊቱን ስለሚያይ፣ የተጎተተው ሲወድቅ የሚናገር ሌላ ሰው ጀልባው ላይ የግድ መኖር አለበት።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሞገዳችን ከጉልበት አላለፈም። ደብል አፕ የሚባለው ነገር የመጣው በዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባው ቀጥ ብሎ ይሄድና ሞገዱን ይተዋል። ከዚያ ዞሮ ይመለስና የራሱን አሮጌ ሞገድ ያቋርጣል። ሲያቋርጥ፣ አሁን ከኋላው እየጎተተው ያለው አዲስ ሞገድ አሮጌው ላይ ይደረባል። ጫፍና ጫፍ ሲገጥሙ ቁመታቸው ይደመራል፣ ጉልበት የነበረው ወገብ ይደርሳል። ጉድጓድና ጉድጓድ ሲገጥሙም ይደመራል፤ ስለዚህ ግድግዳው ፊት ጉድጓድ አለ። መጀመሪያ ጉድጓዱ ውስጥ ትወርዳለህ፣ ከዚያ ግድግዳው ወደ ሰማይ ይወረውርሃል። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጉልበትህ ከከዳህ አለቀልህ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ለጋሼ ሲያስረዳ በእጁ፣ በእግሩ፣ በቦርሳው ሞከረ። ጋሼ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ቁጭ ብለው አሸዋው ላይ በእንጨት አንድ ክብ ሳሉ፣ የክቡን አንድ ጫፍ ሹል አደረጉት። "ሽምብራ ነው በለኛ!" አሉ። ሽምብራ ነው። በሹሉ በኩል ትወጣለህ፣ በሆዱ ትዞራለህ፣ ተመልሰህ በሹሉ በኩል መንገድህን ታቋርጣለህ።

መነሳቱን ለመቻል አንድ ጠዋት በቂ ነው። ውሃው ውስጥ ጀርባህን ሰጥተህ ጉልበትህን ደረትህ ላይ ትሰበስባለህ፣ እጅህን ትዘረጋለህ፣ ጀልባው ራሱ ያነሳሃል። ገመዱን ወደ ራስህ መጎተት የለም። እኔ ሰባት ጊዜ ጎተትኩ፣ ሰባት ጊዜ ጣናን ጠጣሁ። ስምንተኛው ላይ እጄ ስለደከመ ተውኩት። ቆምኩ!

ደብል አፑ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ገመዳችን 20 ሜትር ነው። ፍጥነታችን በስልክ ሲለካ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ በሰከንድ ስምንት ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ የጀልባው ኋላ አሮጌውን ሞገድ ካለፈ በኋላ ያ ሞገድ እኔ ጋ እስኪደርስ ያለኝ ጊዜ ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" ብለህ "አሐዱ አምላክ" ሳትደርስ። በዚያች ጊዜ ውስጥ በሰሌዳው ጠርዝ ውሃውን እየቆረጥክ ከጎን ወደ ሞገዱ መምጣት አለብህ። ከፈጠንክ ሞገዱ ገና ሳይደረብ ደርሰህ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለህ። ከዘገየህ ግድግዳው አልፎህ ይሄድና ጀርባው ላይ ትንሸራተታለህ፣ ምንም አይፈጠርም፣ ሰውም ዘለልክ አይልህም። እኔ ሁለቱንም ተራ በተራ አደረግሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ የፊት ጠርዜ ውሃው ውስጥ ተቀረቀረና በፊቴ ተፈጠፈጥኩ፤ የዓይኔ ሽፋን ጭምር አመመኝ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ጥፋቱ ሁሉ የኔ እንዳልሆነ ገባኝ። ጀልባ ሲዞር ፍጥነቱ ይወርዳል። ጋሼ መዞሪያው ላይ ነዳጅ ሳይጨምሩ ሲቀሩ ገመዱ ይላላል፣ እኔ እሰምጣለሁ። ሽምብራውን ሲያገዝፉት ደግሞ እስክንመለስ አሮጌው ሞገድ ሞቶ ይጠብቀናል። በሰያፍ ሲያቋርጡት ይንሻፈፋል። የሚዘለው ሰው ይጨበጨብለታል እንጂ ዝላዩን ግማሽ በግማሽ የሚሠራው መሪ የያዘው ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ለምን አስቀድሞ እንዳልነገረኝ ስጠይቀው "ነግሬሃለሁ፣ ፈረሱን አሳይቼህ የለ!" አለ።

ሦስተኛው ቀን ችግር መጣ። ሽምብራ ስትስል አሮጌው ሞገድ የትም አይጠፋም፤ የተረፈው ይሄዳል። የኛ ሄዶ ከዘጌ በኩል ማገዶ ጭኖ የሚመጣ ታንኳ ላይ ደረሰ። ታንኳ ደንገል ነው፣ ከውሃው በላይ ያለው አንድ ክንድ አይሞላም። ባለ ታንኳው ሞገዱን አይቶ አፍንጫውን ወደ ሞገዱ አዞረ፣ መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና ዝም አለ። የመጀመሪያው አነሳው፣ ሁለተኛው አነሳው፣ በሦስተኛው ከላይ የነበረው ማገዶ ተንዶ ውሃ ውስጥ ገባ። ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው ቀስ ብለው ተጠጉ።

"እናንተ ልጆች፣ ይኼ ሁሉ ውሃ አልበቃ አላችሁ?" አለን ሰውየው።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ምን መልስ አለው? ወርጄ ማገዶውን እየዋኘሁ ለቀምኩ። ሰሌዳውን እግሬ ላይ እንዳሰርኩ መዋኘት እንደማይቻልም ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። የረጠበውን የአክስቴ ልጅ ከፍሎ ገዛው፤ ማታ አሳ ጠበስንበት ብል ደስ ባለኝ፣ ግን አልነደደም።

ሰውየው ንዴቱ ሲበርድለት ምን እየሠራን እንደሆነ ጠየቀ። ነገርኩት። በሆዴ እየቆጠርኩ እንደምዘል፣ ግን እንደማይሳካልኝ። ሳቀ። "ምን ያስቆጥርሃል? ውሃው ሊነሳ ሲል ከሥሩ ይጠቁር የለ!" አለና ቀዝፎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ተለወጠ። ጋሼ ከመዞራቸው በፊት ዙሪያውን በደንብ ይቃኛሉ፤ ታንኳ ካለ፣ ሩቅም ቢሆን፣ ቀጥ ብለን እንሄዳለን። እኔ ደግሞ መቁጠር ተውኩ። ጀልባው ሲያቋርጥ ሞገዱ ላይ ከጀልባው ወደኔ እየተጠቀለለች የምትመጣ ጥቁር መስመር አለች፣ እውነትም አለች፤ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቧ ሆኜ አላየኋትም።

መንዳቱን የሞከርኩት አራተኛው ቀን ነው። ጋሼ መሪውን ሰጡኝና ከአጠገቤ ቆሙ። ቀጥ ብዬ ሄድኩ፣ ሆዱን ዞርኩ፣ ነዳጅ ትንሽ ጨመርኩ፣ የራሴን ሞገድ ፊት ለፊት አገኘሁት። የጀልባው አፍንጫ ዱብ ዱብ አለ። ጎበዝ ነኝ አልኩ። ከኋላ ልጁ "ተነሳ! ተነሳ!" ብሎ ሲጮህ ግን አላስቻለኝም፣ ዞሬ አየሁ። የአክስቴ ልጅ አየር ላይ ነው፣ ሰሌዳው ከራሴ በላይ። ወደ ኋላ ስታይ እጅህም አብሮ ይዞራል፤ መሪው ተከተለኝ፣ ጀልባው ታጠፈ፣ ገመዱ ላላ። የአክስቴ ልጅ የሚይዘው አጥቶ በጀርባው ወደቀ። ድምፁ እስከኛ ተሰማ።

"ፈረሰኛ ፈረሱን ትቶ ተመልካቹን ካየ..." አሉ ጋሼ፣ አልጨረሱትም።

በቀጣዩ ዙር አንገቴን አላንቀሳቀስኩም። ፊት ለፊት እንጦስ ኢየሱስ ደሴት ላይ አንድ ዛፍ መርጬ እሷን ብቻ አየሁ። ከኋላ ጩኸት ተሰማ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ ላላ፣ ተወጠረ። "ቆመ!" አለ ልጁ። ያን ዝላይ እኔ አላየሁትም፤ በስልክም የቀረጸው የለም። የአክስቴ ልጅ የሳምንቱ ምርጡ እሱ ነበር ይላል። ማጋነን ይወዳል፣ ይኼኛውን ግን አምነዋለሁ።

እኔም በስተመጨረሻው ቀን አንዱን ዘልዬ ቆምኩ። ጥቁሯን መስመር አየሁ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጉልበቴን አደነደንኩ፣ የቀረውን አላስታውስም። አየር ላይ እያለሁ ጸጥ አለ። ሳርፍ የጋሼ ጀርባ ፊት ለፊቴ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደፊት እያየ።

ማታ ሂሳብ ተሳሰብን። ቤንዚን ይህን ያህል፣ የጀልባው ይህን ያህል፣ የልጁ ቀለብ። ጋሼ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩና ጀሪካኖቹ ጋ ሲደርሱ አሰብ አደረጉ።

"የጀሪካኑን ውሃ ምርቃት አድርጉት" አሉ።