ለሁለት መክፈልና ለሦስት መክፈል

የአንድ ፕሮግራም ክፍሎችን በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ማደላደል ነበረብኝ። እያንዳንዱን ክፍል በየትኛው ኮምፒውተር ማሠራት ምን ያህል እንደሚያስወጣና የተለያዩ ክፍሎች መረጃ ሲለዋወጡ የሚመጣውን ወጪ አስቀድሜ ለክቼ ነበር። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሃሮልድ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1977 እንዲህ ያለውን ጥያቄ ወደ ግራፍ፣ ማለትም በመስመሮች ወደተያያዙ ነጥቦች ሥዕል፣ ቀይሮታል፤ አንዱ ኮምፒውተር መነሻ፣ ሌላው መድረሻ፣ ክፍሎቹም በመካከል ያሉ ነጥቦች ይሆናሉ። ወጪዎቹ በመስመሮቹ ላይ ይጻፋሉ። ቆረጣ ማለት መነሻውን ከመድረሻው ለመለየት የሚቆረጡት መስመሮች ናቸው፤ ርካሹ ቆረጣ ርካሹ ድልድል ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። አንድን ክፍል በመጀመሪያው ኮምፒውተር የማሠራት ወጪ የሚጻፈው ወደ ሁለተኛው በሚሄደው መስመር ላይ ነው፤ ክፍሉ እዚያው ሲቀር የሚቆረጠው ያ መስመር ነውና።

ፎርድና ፉልከርሰን በ1956 እንዳሳዩት በየመስመሩ የተጻፈው ወጪ እንደ አቅሙ ሲቆጠር፣ ከመነሻው ወደ መድረሻው ሊያልፍ የሚችለው ትልቁ ፍሰት ከትንሹ፣ ማለትም ከርካሹ፣ ቆረጣ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የጻፍኩት ፕሮግራም ቀሪ አቅም ያለው መንገድ ይፈልጋል፣ ፍሰት ይጨምራል፣ መንገድ ሲያጣ ያቆማል። የመንገዱ ምርጫ ግን ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለሙከራ አራት ነጥብ (መነሻ፣ መድረሻና በመካከል ሁለት) ያለው ግራፍ ሠራሁ፦ አራቱ የውጭ መስመሮች አቅማቸው 1,000,000፣ ሁለቱን የመካከል ነጥቦች የሚያገናኘው የመካከለኛው 1። ፕሮግራሙ በየዙሩ በመካከለኛው መስመር እየተመላለሰ ካለፈ 2,000,000 ዙር ይፈጃል። ሁልጊዜ አጭሩን፣ ማለትም ጥቂት መስመር ያለውን፣ መንገድ ከመረጠ በሁለት ዙር ይጨርሳል! ኤድመንድስና ካርፕ በ1972 ያረጋገጡት ይህንኑ ነው፤ አጭሩ መንገድ ሲመረጥ የዙሮቹ ብዛት በመስመሮቹ አቅም ላይ አይመሠረትም። (ያው ካርፕ በዚያው ዓመት ትልቁን ቆረጣ መፈለግ ከኤንፒ-ሃርድ ጥያቄዎች፣ ማለትም ሁልጊዜ ትክክል የሆነ ፈጣን መፍትሔ ካልተገኘላቸው ከባድ ጥያቄዎች፣ አንዱ መሆኑን አሳይቷል። ትንሹ ቀላል፣ ትልቁ ከባድ፤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።)

ከዚያ ሦስተኛ ኮምፒውተር ተጨመረ። የማሠሪያ ወጪው በሦስቱም እኩል በመሆኑ የቀረው የመረጃ ልውውጡ ብቻ ነበር፤ ከየኮምፒውተሩ የማይነቀሉ ክፍሎችም ነበሩ። ሥራው የቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን አምስት ተመራማሪዎች በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ ሦስት ነጥቦችን በአነስተኛ ወጪ መለያየት፣ የመስመሮቹ ዋጋ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ኤንፒ-ሃርድ መሆኑን አረጋግጠዋል። ፈጣን ፍጹም መፍትሔ ፍለጋ ጊዜ አላጠፋሁም። ያንኑ የፍሰት ፕሮግራም ሦስት ጊዜ አስኬድኩት፤ በየተራው አንዱን ኮምፒውተር ከሌሎቹ ሁለቱ፣ ሁለቱን እንደ አንድ ነጥብ በመቁጠር፣ ለየሁት። ከሦስቱ ቆረጣዎች ውድ የሆነውን ጥዬ ሁለቱን አጣመርኩ። የዚህ ዘዴ ውጤት ሦስቱን ከሚለያየው ርካሹ ቆረጣ ቢወደድ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አይወደድም፤ ለያዝኩት ሥራ ይህ በቂ ነበር።