ያ የተሰመረበት ቦታ ባዶ አይደለም

ባለፈው ሰኞ አመሻሽ እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ እየተመለስኩ ነበር። ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ሚኒባሱም፣ ባጃጁም፣ ከባሕር ዳር በኩል የሚገባው አይሱዙም አንድ ላይ ተፋፍጓል። አንድ መገናኛ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ነበረብኝ። እዚያ ከመድረሴ በፊት አስፋልቱ መሀል ላይ ነጭ ሰያፍ መስመሮች የተሰመሩበት ቦታ አለ፤ እሱ ሲያልቅ ወደ ግራ የሚታጠፉ መኪኖች ረድፍ ይጀምራል። ተራዬን ጠብቄ፣ ፍሬቻ አብርቼ፣ ረድፉ ሲከፈት መሪውን ወደ ግራ ሳዞር አንድ ባጃጅ ከኋላዬ በሰያፍ መስመሮቹ ላይ ሽው ብሎ መጥቶ በእኔ በኩል ካለው በር አጠገብ ደረሰ። ሁለታችንም ፍሬን ያዝን። በመሀላችን የቀረው ክፍተት አንድ ክንድ አይሞላም። ባጃጁ ውስጥ ከኋላ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ፊቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ባጃጁን የሚነዳው ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም። እጁ እየተንቀጠቀጠ "እህቴ፣ ባዶ ነው ብዬ እኮ ነው" አለኝ።

ይቺ "ባዶ ነው" የምትል ነገር ናት ይሄን ያስጻፈችኝ። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምናስበው። ሰልፉ ቆሟል፣ ጎኑ ላይ ማንም ያልቆመበት ሰፊ ቦታ አለ፣ ታዲያ ለምን አልሄድበትም?

ታናሽ እህቴ እንግሊዝ አገር ናት፤ ሰሞኑን ለመንጃ ፈቃድ የቲዎሪ ፈተና እያጠናች ነው። ማታ በቴሌግራም ስንደዋወል ነገርኳት። "እታለም፣ እሱ እኮ ትናንት ያጠናሁት ነው" አለችና እዚያው አነበበችልኝ። ሃይዌይ ኮድ በሚባለው የመንገድ ደንባቸው ውስጥ ቁጥር 130 ላይ ነው ያለው። ሰያፍ መስመሮቹ የሚሰመሩት ወይ ረድፎችን ለመለየት ነው፣ ወይ ወደ ቀኝ የሚታጠፉትን ከአደጋ ለመጠበቅ። እነሱ በግራ በኩል ስለሚነዱ ከፊት የሚመጣውን መኪና አቋርጦ መታጠፍ ለእነሱ ወደ ቀኝ ነው። ለእኛ ወደ ግራ ነው። ይቺን ገልብጣችሁ ካነበባችሁ ሐሳቡ ጎንደርም ያው ነው።

ቁም ነገሩ ግን ጠርዙ ላይ ነው። የተሰመረበትን ቦታ ዙሪያውን የሚያጥረው መስመር የተቆራረጠ ከሆነ፣ ካላስፈለገህና ደህና መሆኑን በዓይንህ ካላየህ በቀር አትግባ ይላል። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ጠርዙ ያልተቆራረጠ ሆኖ ውስጡ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ መስመሮች ካሉት ደግሞ፣ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ፈጽሞ መግባት የለም። የመጀመሪያው ምክር ነው፣ ሁለተኛው ሕግ ነው። ምክሩን የጣሰ ሰው በዚያ ብቻ አይከሰስም፤ ግጭት ደርሶ ፍርድ ቤት ከቀረበ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲታይ ማስረጃ ሆኖ ሊመጣበት ይችላል።

ይሄን ስትነግረኝ ማሰልጠኛ የተማርነው ትዝ አለኝ። ያልተቆራረጠ መስመር አይታለፍም፣ የተቆራረጠው ጥንቃቄ ተደርጎ ይታለፋል። ያንኑ መስመር በተሰመረበት ቦታ ዙሪያ ስታስቡት ሰያፉም ይገባችኋል። ነገር ግን እኛ ዓይናችን የሚያርፈው መሀሉ ላይ ባሉት ሰያፎች ነው፤ ጠርዙን የሚያይ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም እስከዚያ ማታ አላይም ነበር።

"ካስፈለገህ" የምትለዋ ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚያመልጥባት በር እሷ ናት። እኔ እንደሚገባኝ ማስፈለግ ማለት ፊትህ የተበላሸ መኪና ቆሞ ማለፊያ ሲያሳጣህ ነው። ወደ ሆስፒታል የሚበር አምቡላንስ ከኋላህ ሲጮህ ነው። መቸኮል ግን ማስፈለግ አይደለም። ተሳፋሪ እንዳያመልጥ መሽቀዳደምም አይደለም፤ የባጃጅና የታክሲ ልጆች ቀኑን ሙሉ ለፍተው የሚያገኙትን አውቃለሁ፣ ቢሆንም አይደለም።

አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ብዙ ሰው የሚጨቃጨቅበትም እሱ ነው። ቀጥታ የሚሄዱት ተሰልፈው የመታጠፊያውን ረድፍ አፍ ዘግተውታል እንበል። ረድፉ ራሱ ክፍት ነው፣ አንተ ግን ስድስት መኪና ወደ ኋላ ነህ። በሰያፉ ላይ ሄደህ ልትገባበት ትችላለህ? ጠርዙ ያልተቆራረጠ ከሆነ አትችልም፣ ትጠብቃለህ። የተቆራረጠ ከሆነ የእንግሊዞቹ ደንብ በሩን አይዘጋም፤ ኃላፊነቱ ግን በሙሉ ያንተ ነው። ከሰልፉ ውስጥ ልክ እንደ እኔ በተራው የሚወጣው ሰው አንተን አይጠብቅህም፣ እስፖኪዮ ቢያይ እንኳ ያንን ቦታ መኪና የሚመጣበት ብሎ አይቆጥረውም። ከፊት የሚመጣውም ያንኑ ቦታ ተጠግቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሄድክ ሰው በሚራመድበት ፍጥነት ሂድ፣ ፍሬን ላይ እግርህን አድርገህ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ብጠብቅ እመርጣለሁ።

ደግሞ ቦታው ባዶ የሚመስለው መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ነው። ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች ግማሹን መንገድ ተሻግረው ሌላው ግማሽ እስኪከፈትላቸው እዚያ ላይ ሲቆሙ ስንቴ አይቻለሁ። ዜብራ አይደለም፣ መቆም አልነበረባቸውም፤ ግን ይቆማሉ። በመተማ መስመር የሚመጣ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ሲታጠፍ ደግሞ የኋላው አካል የፊቱን ጎማ ዱካ አይከተልም፣ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላ መኪና አቁመው የሚሄዱበትም አሉ። ያኔ የሚታጠፈው ሰው ከፊት የሚመጣውን ማየት ያቅተዋል።

የመታጠፊያ ረድፍ ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አረንጓዴ ቀስት ሲበራ የሚፈቅደው ቀስቱ ወደጠቆመበት መሄድን ብቻ ነው። ወደዚያ የማትሄድ ከሆነ መጀመሪያውኑ ረድፉ ውስጥ አትግባ፤ የእህቴ መጽሐፍ ላይም ቁጥር 177 ላይ ይሄው ነው ያለው፣ እንዲያውም ሌሎች በተለይ ብስክሌት የሚነዱት ወደ ትክክለኛው ረድፍ እንዲገቡ ጊዜና ቦታ ስጣቸው ይላል። እኛ ጋ ሰው ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ረድፍ አጠረ ብሎ ይገባና ጫፍ ሲደርስ ቀጥታ ልሂድ ብሎ አፍንጫውን ያስገባል። ከኋላው ያሉት በሙሉ ክላክስ ያቀልጣሉ። ተሳስተህ ከገባህ ታጠፍ በቃ። ዞረህ ተመለስ። የሚወስድብህ ጥቂት ደቂቃ ነው።

እህቴ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት "ቀለሙ የለቀቀ ከሆነስ ምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ብዙ ቦታ ጠርዙ የተቆራረጠ ይሁን ያልተቆራረጠ መለየት አይቻልም። ትናንት ጠዋት እዚያው መገናኛ ላይ ሰልፉ ውስጥ ሆኜ አንገቴን አውጥቼ አየሁት፤ ግማሹ ጠፍቷል። መለየት ስላልቻልኩ ያልተቆራረጠ ነው ብዬ ወስጄ ተራዬን ጠበቅሁ።